ሚስዮናውያኑ የት ከረሙ?

"እንዴት ከረማችሁ?" ብለን ሰላም ስንባባል ቃሉ ከየት እንደመጣ ልብ አንልም። ከረመ ማለት በመሠረቱ ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ክረምቱን ያለፈ ሰው ዓመቱን አለፈ፤ "የከርሞ ሰው ይበለን" የሚባለውም ለዚህ ነው። በግዕዝም ክረምት የዝናቡ ወቅት ስም ብቻ ሳይሆን ዓመትንም ይጠራበታል።

እስቲ አሁን አንድ ጥያቄ ላንሳ። ከጀርመን ወይም ከጣሊያን፣ "ክረምት" ሲባል በረዶ በሚታየው አእምሮ ወደዚህ የመጣ ሚስዮናዊ እዚህ እንዴት ከረመ? ከዚህ ተወስዶ ስዊድን የገባ የኦሮሞ ልጅስ እዚያ እንዴት ከረመ?

መጀመሪያ ክረምታችንን እንየው። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ጊንጪ ትደርሳላችሁ፤ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። አዋሽ የሚመነጨው ከዚሁ አካባቢ ከፍታዎች ነው። በበጋ ብታልፉ ጥቁሩን መሬት እግር እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቆ ታዩታላችሁ። የአገሩ ሰው ኮቲቻ ይለዋል፤ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሐምሌ ላይ ያ ሁሉ ስንጥቅ ይደፈንና መሬቱ ሙጫ ይሆናል። ጫማ ያወልቃል፣ የበቅሎ ኮቴ ይይዛል። ዛሬ አስፋልቱ ላይ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ይህን አያውቀውም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን በጭቃ ማለፍ ያቃተው መንገደኛ ያው ባለበት ይከርማል፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነውን ስህተት ላርም። የእኛን ክረምትና የአውሮፓን "ዊንተር" አንድ አድርገን ነው የሸመደድነው። ሁለቱ ግን በምክንያትም በወርም አይገናኙም። የአውሮፓው የሚመጣው ምድር በዘንጓ ስላዘነበለች ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ትላለች፣ ቀኑ ያጥራል። አምቦ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል! የሚበርደን ፀሐይ ስለራቀች ሳይሆን ደመናው ስለጋረዳት ነው። የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን ወጥቶ ከደጋው ከፍታ ጋር ሲገናኝ ሰማዩ ለሳምንታት ይዘጋል። ስለዚህ ከአውሮፓ የመጣው እንግዳ፣ አገሩ በጋ ነው ብሎ በሚያስበው በሐምሌ፣ ኩታ ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የገጠማቸው ይኸው ነው። ጀርመናዊ ሲሆኑ በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ተልከው ከባልደረባቸው ከኢዘንበርግ ጋር ሸዋ የገቡት በ1839 እ.ኤ.አ. ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ክረምቱ ደረሰባቸው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ አንኮበር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በክረምት ከጉም የማትወጣ ናት። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ተመለሱ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ብቻቸውን ቆዩ።

በክረምት ምን ይሠሩ ነበር? መንገድ ስለሌለ የቤት ሥራ ነው። ልጆች ያስተምራሉ። የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ለሚፈልግ ይሰጣሉ፤ ከካህናትና ከደብተራዎች ጋር ስለ ሃይማኖት ይከራከራሉ። ንጉሡ ከመጻሕፍቱ ይልቅ የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጉ እንደነበርም የታወቀ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ክራፕፍ ኦሮምኛ ይማሩ ነበር። በርኪ ከሚባል ኦሮሞ ጋር እየተቀመጡ የማቴዎስንና የዮሐንስን ወንጌል መተርጎም ጀመሩ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚቆጨኝ፣ ስለ ክራፕፍ ብዙ ስናውቅ ስለ በርኪ ከስሙ ብዙም የማናልፍ መሆናችን ነው። ቃሉን ያወጣው እሱ፣ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የሌላው ስም!

የእምነቱ ፈተና ደግሞ በምግብ ይመጣል። ክረምት በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የጾም ወቅትም ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ አንድ ወር ሳይሞላ ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም። ፕሮቴስታንቱ ሚስዮናዊ ደግሞ ጾምን እንደ ግዴታ አያይም። አስቡት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሽሮ በሚበላበት ቀን ወተት የሚጠጣ "የክርስትና አስተማሪ" ማን ይሰማዋል? ክራፕፍና ኢዘንበርግ ሸዋ ከመምጣታቸው በፊት፣ በ1838፣ ከዓድዋ ተባረዋል። በጾምና በቅዱሳን ጉዳይ የያዙት አቋም ከካህናቱ ጋር ሳያጋጫቸው የቀረበት ጊዜ አልነበረም።

ካቶሊኮቹ በዚህ በኩል ቀለል ይላቸዋል፤ ጾምም ምንኩስናም ያውቃሉ። የእነሱ ችግር ሌላ ነበር፦ ዓባይ።

ጣሊያናዊው ካፑቺን ጉሊየልሞ ማሳያ፣ እኛ አባ ማስያስ የምንላቸው፣ ለኦሮሞ ምድር ተሹመው በ1846 ምፅዋ ደረሱ። እንግዲህ ከምፅዋ እስከ ተሾሙበት አገር ስንት ጊዜ የሚፈጅ ይመስላችኋል? ስድስት ዓመት። አንዱ በር ሲዘጋባቸው በሌላው እየሞከሩ፣ በመጨረሻ በግብፅና በሱዳን ዞረው፣ ጆርጆ ባርቶሬሊ የሚባል ነጋዴ ነኝ ብለው ስማቸውን ለውጠው በጎጃም በኩል መጡ። ከባሶ ገበያ የሚነሳው የነጋዴዎች መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገበያ ይገባል። ጉድሩ የዛሬው ምዕራብ ሸዋ የሰሜን ምዕራብ ጎረቤት ነው። አባ ማስያስ እዚያ የደረሱት በኅዳር 1852 ነው።

ኅዳር የሆነው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዓባይ ሞልቶ ስለሚፈስ ነጋዴው ዕቃውን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ዘማቹም፣ ደብዳቤ አድራሹም፣ ሚስዮናዊውም እንደዚያው። ውሃው ሲጎድል ግን ሌላ ጉድ አለ። ቆላው ላይ የተጠራቀመው ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ በአገራችን ወባ የሚበረታውም ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ነው። ማለትም መንገዱ የሚከፈትበት ወርና ገዳዩ ትኩሳት የሚነሳበት ወር አንድ ናቸው! በዚያን ዘመን በሽታውን ትንኝ እንደምታስተላልፈው የሚያውቅ አልነበረም፤ ያ የተረጋገጠው በ1897 ነው። ሰዉ ግን ሳያውቅም ይጠነቀቅ ነበር፤ ቆላ አታድር፣ ወንዝ ዳር አትተኛ ይባላል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ነው ያልታወቀው።

የወቅቶቹ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስቅ፣ አንዳንዴም እንደሚያስለቅስ የሚያሳይ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ በትግራይና በአካለ ጉዛይ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለብሰው የኖሩ ካቶሊክ ጳጳስ ናቸው። በ1849 ጳጳስነት የቀቧቸው አባ ማስያስ ነበሩ። ሐምሌ 1860 ላይ፣ ደጋው በዝናብ ርሶ በሚንቀጠቀጥበት ወር፣ እሳቸው ከምፅዋ ወደ ደጋው ሲወጡ መንገድ ላይ በትኩሳትና በሙቀት ሞቱ። ጥቂት ቀን ቢራመዱ ኖሮ ብርድ ያገኙ ነበር።

አባ ማስያስ በ1868 ሸዋ መጥተው ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ፤ ፊንፊኔ ውስጥ ብርብርሳ በሚባለው ቦታም የሚስዮን ጣቢያ ነበራቸው። ሕዝቡ በስብከታቸው ሳይሆን በፈንጣጣ ክትባታቸው ነው ያወቃቸው። በ1879 አፄ ዮሐንስ እንዲወጡ አዘዙ። ካርዲናል ሆነው ያሳተሙት ማስታወሻ 12 ቅጽ ነው፤ አብዛኛውን ግን ጽሑፎቻቸው ስለጠፉባቸው ከትዝታ ነው የጻፉት። ስለዚህ ስታነቡት ጠንቀቅ በሉ። ክራፕፍ የዕለቱን በዕለቱ ይመዘግቡ ነበር፤ ማስያስ ሽማግሌ ሆነው ያስታወሱትን ይተርካሉ። ሁለቱም ምንጭ ናቸው፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ በ1850ዎቹ አጋማሽ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም እንደማለት ነው። ልጁን የባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። በ1870 ነፃ ወጥቶ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ በአዲስ ኪዳን ያ ስም የአንድ ባሪያ ስም ነው። በ1876 ስቶክሆልም ወዳለው ወደ ዮሐኔሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተላከ፤ አምስት ዓመት ተማረ።

አምስት የስዊድን ክረምት ማለት ነው። ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ በማይለዋወጥበት አገር ያደገ ሰው፣ ምሳ በልቶ ብዙም ሳይቆይ ሲጨልምበት አስቡት።

በ1881 ኦነሲሞስ ነሲብ ሚስዮናዊ ሆነው ተመለሱ። የተላኩት ወደ "ባዕድ አገር" ነው፤ ባዕድ የተባለው ግን የገዛ አገራቸው። በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ትኩሳት ሊገድላቸው ምንም አልቀረውም፣ ተመለሱ። በሸዋ በኩልም ሞከሩ፤ እንዳያልፉ ተከለከሉ። ስለዚህ እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ከጎናቸው አስቴር ጋኖ ነበሩ፤ እሳቸውም በ1886 ባሕር ላይ ከተያዘ የባሪያ ጀልባ ነፃ የወጡ ናቸው። አስቴር ትርጉሙን የሚያግዝ የቃላት ስብስብ ያዘጋጁ፣ ከኦሮሞ ልጆች አፍ ተረትና ዘፈን የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ዝናቸው የኦነሲሞስን ያህል አልወጣም፤ መውጣት ነበረበት።

እምኩሉ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ክረምት አላት። በቀይ ባሕር ዳርቻ ዝናብ የሚጥለው በሐምሌ ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ሐምሌ እዚያ እሳት ነው። ተርጓሚዎቹ እንግዲህ የዝናቡን፣ የበረዶውንና የባሕሩን ወቅት ሁሉ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ለትርጉም ምን ይጠቅማል? የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ላይ ክርስቶስ ስለ መከራው ዘመን ሲናገር፣ ሽሽታቸው በክረምት እንዳይሆን ይጸልዩ ዘንድ ሰዎቹን ያሳስባል። የስዊድን አንባቢ በረዶ ይታየዋል። ግሪኩ ቃል ግን ክረምትንም ማዕበልንም ይጠራል፤ የኢየሩሳሌም ክረምት ደግሞ በዋናነት ዝናብና ጭቃ ነው። እንግዲህ ይህን ጥቅስ ከስቶክሆልም ፕሮፌሰር ይልቅ ቶሎ የሚረዳው ሐምሌ ላይ ኮቲቻ ውስጥ እግሩ ተይዞ የቀረ የጊንጪ ገበሬ ነው። ኦሮምኛም ለዚያ ወቅት ገና የሚል የራሱ ቃል አለው።

አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። መጽሐፉ ከተርጓሚው ቀድሞ ወጣ ማለት ነው፤ ኦነሲሞስ ወለጋ መግባት የቻሉት በ1904 ነው፤ ነፃ ከወጡ ከ34 ዓመት በኋላ። ነቀምት ላይ በኦሮምኛ መስበክና ማስተማር ጀመሩ፤ ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋ ስለሆነ ብዙ ሰው መጣ፤ ካህናቱ ከሰሷቸው፣ ስብከታቸውም ለዓመታት ታገደ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱላቸው። ያረፉት እዚያው ነቀምት፣ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል።