የጁባው ክንፍ ሠሪ

ስሙኝማ ወዳጆቼ፤ የዛሬው ወጌ ከነጭ ዓባይ ዳር፣ ከጁባ ከተማ ይነሳል። መኝታ ክፍሉን አውሮፕላን መሥሪያ ያደረገ የአንድ ወጣት ታሪክ ነው። በመሐል ኮንጎ ውስጥ አንድ ወንዝ ዳር እናድራለን፤ ሱሉልታም እንወጣለን፤ ናይሮቢንም እንረግጣለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ ጆርጅ ሜል ይባላል። መብረር ያማረው ገና በልጅነቱ ነው። አንድ ቀን የመስኮት መጋረጃ ወሰደ፤ ከብረት ጋር አያይዞ ክንፍ አበጀ፤ ከዚያም የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዘለለ። መጋረጃው አልያዘውም። ቁልቁል መጣ፤ እግሩ ከመሰበር የተረፈው ለጥቂት ነው።

የብዙ ልጅ የመብረር ምኞት እዚህ ላይ ያበቃል። የወላጅ ቁጣ ይበርዳል፣ ነገሩም ቡና ሲጠጣ የሚነሳ የቤተሰብ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ጆርጅ ግን ከጣሪያው ወርዶ ወደ መጽሐፍ ሄደ።

እስቲ ልጁን እዚህ ላይ እናቆየውና ስለ ከተማው ላውጋችሁ። ጁባ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከደቡብ አፍሪካ እስከ እንግሊዝ አገር በውኃ ላይ የሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች ያመላልሱ ነበር፤ ጁባም ከማረፊያዎቹ አንዷ ነበረች። ማርች 14 ቀን 1939 ኮርሴር የተባለው አውሮፕላን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ጁባ ገሰገሰ። አቅጣጫ የሚያመለክተው የሬዲዮ መሣሪያ አሳሳተውና ጁባን ሳያያት ቀረ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ካፒቴኑ ያገኘው በዚያን ጊዜ የቤልጅግ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኮንጎ፣ ፋራጄ አጠገብ የሚፈስ አንድ ጠባብ ወንዝ ነው። ወንዙ ዱንጉ ይባላል። እዚያው ላይ አረፈ። ድንጋይ ሆዱን ቀደደው፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም ተረፉ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አውሮፕላኑን ጥለውት አልሄዱም። ከእንግሊዝ አገር መካኒኮች መጡ፤ የአካባቢው ሰዎች በጉልበታቸው ተሰለፉ። ጠግነው ሊያስነሱት ሲሞክሩ ዳግመኛ ድንጋይ መታው። እንደገና ጠገኑት። ወንዙ ለመንደርደሪያ አልበቃ ሲል ግድብ ሠርተው ውኃውን ከፍ አደረጉት። የሠራተኞቹም ሰፈር በአውሮፕላኑ ስም ኮርሴርቪል ተባለ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 6 ቀን 1940፣ ከአሥር ወር ያህል ልፋት በኋላ፣ ኮርሴር ከዱንጉ ወንዝ ተነስቶ በረረ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ ብዙ እጅና ብዙ ዓይን ሲተባበር የሚሆነውን ያሳያችኋልና።

አሁን ወደ ጆርጅ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። አገር ሲጨፍር የጆርጅ ቤት ግን ያ ዓመት የሐዘን ዓመት ነበር። አባቱ ሞቱ፤ የሚከፈል ሲጠፋም ትምህርቱ ተቋረጠ። የአውሮፕላን ምህንድስና የመማር ሐሳቡ መንገድ ላይ ቀረ። ከነፃነቱ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 2013 ላይ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ጁላይ 2016 ደግሞ ጁባ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች።

በዚህ ሁሉ መሐል ወጣቱ መኝታ ክፍሉን በአቪዬሽን መጻሕፍትና በአውሮፕላን አካላት ሞላው። መምህሮቹ እነዚያ መጻሕፍትና ኢንተርኔት ነበሩ። አሉሚኒየሙን ከከተማው የብረታ ብረት ቤቶች ለቃቀመ። ሁለት ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች እዚያው ከገበያ ገዛ። ለአብራሪው መቀመጫ ያደረገው ጓሮ ውስጥ የሚቀመጡበትን ወንበር ነው። በ2018 ገደማ፣ ዕድሜው 23 ሲሆን፣ የዓለም የዜና ሰዎች ደጁ ላይ አንድ ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ቆሞ አገኙ። የአገሩ አየር ኃይልም ሥራውን አይቶ በኮምፒውተር ክፍሉ ቀጠረው።

አውሮፕላኑስ በረረ ወይ? ዜናው በተነገረበት ጊዜ ገና አልበረረም ነበር። ሠሪው አለ፤ የተሠራው አለ፤ በሁለቱ መካከል ግን አንድ ነገር ጎድሏል። እሱን ነገር እንድታዩት ድንበር ተሻግረን ወደ አገራችን እንምጣ።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለው በሱሉልታ ሜዳ፣ በ2015፣ አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ኢትዮጵያዊ በእጁ የሠራውን አውሮፕላን ሊያስነሳ ሞከረ። የተማረው የሕብረተሰብ ጤና ነው፤ የሚመኘው ግን አብራሪነትን ነበር። ለአብራሪነት ሲያመለክት ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰና ተመለሰ። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር እንጨትና መጋዝ አስያዘችው። አካሉን ከእንጨት ሠራው፤ ጎማውን ከሞተር ሳይክል ወሰደ፤ ሞተሩ የቮልስዋገን፣ አርባ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ስሙን ኬ-570ኤ አለው። «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም ተወሰደች፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። በዚያን ዓመት ያደረገው ሙከራ አልሰመረለትም፤ አውሮፕላኑ መሬት ለቆ ሳይሄድ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንመርምር። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። አርባ የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚያ ላይ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ሠላሳ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ክንፉን የሚያነሳውም ያው ስስ አየር ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሮጥ አለበት። ይህን ሁሉ አስልቶ፣ ሞተሩ ሳይገዛ በፊት አስመላሽን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረው ኖሮ ምን ያህል ልፋት በቀለለለት!

የጆርጅም ነገር እንዲሁ ነው። ጁባ ቆላ ናት፤ ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቷ ግን አየሩን ያሳሳዋል። ብረታ ብረት ቤት የሚሸጠው አሉሚኒየም አብዛኛው ለበርና ለመስኮት ተብሎ የወጣ ለስላሳ ዓይነት ነው፤ ለአውሮፕላን የሚሠራበት ቅይጥ በጥንካሬው ይለያል። ሁለት ሞተር በክንፍ ግራና ቀኝ ከተተከለና አንዱ አየር ላይ ቀጥ ካለ፣ አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ይዞራል፤ አብራሪው ያን ጊዜ በመሪው ሊመልሰው መቻሉ አስቀድሞ መሰላት አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ አፍንጫው ሽቅብ ይሄድና ክንፉ የሚይዘውን አየር ይለቃል። ይህንን አንድ ሰው ብቻውን፣ ማታ ማታ፣ ከመጽሐፍ ሊማረው ይችላል። የራሱን ስህተት ግን ራሱ ማየት አይችልም። የጎደለው ያ ነው፤ ሁለተኛ ዓይን።

ሌላው ዓለም ይህን ዓይን የሚያገኘው ከክበብ ነው። በ1953 በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ፣ ፖል ፖበርዝኒ የሚባል አብራሪ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ጓደኞቹን ሰብስቦ ማኅበር መሠረተ። ያ ጥቂት ሰው የነበረበት ማኅበር ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ትልቁንም ዓመታዊ ጉባኤ ከ1970 ጀምሮ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ ያደርጋል። እኔን የሚገርመኝ ግን የጉባኤው ግዝፈት አይደለም። ልምድ ያላቸው አባላት ያለ ክፍያ ወደ አዲሱ ሠሪ ጋራዥ መሄዳቸው ነው። ክንፉ ከመሸፈኑ በፊት ውስጡን ያያሉ፤ ቡሎኑን ይነካሉ፤ ብየዳውን ይመረምራሉ፤ «ይህን ፍታውና እንደገና ሥራው» ይላሉ። ከዚያ የመንግሥት መርማሪ ይመጣል። ሕጉም ከልካይ ብቻ አይደለም፤ ሠሪው ከግማሽ በላዩን ራሱ ሠርቶት ከሆነ ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም በመጀመሪያዎቹ 25 ወይም 40 ሰዓታት መንገደኛ ሳይጭን፣ ሰው ከሚበዛበት ርቆ ይበራል።

ክበብ ለአህጉራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ናይሮቢ የምሥራቅ አፍሪካ የበረራ ክበብ አላት፤ የተመሠረተው በ1927 ነው፤ ቤቱም በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። እኛም ብንሆን በ1935 በአዲስ አበባ «ፀሐይ» የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ሠርተን አብርረናል። የንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን አብረው ነበሩ የሠሯት። ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም አኑሯት ነበር፤ በ2024 ወደ አገሯ ተመለሰች። እሷም የበረረችው የሚያውቅ ሰው ከሚማር ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሠራ ነው።

የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለምን ፈቃድ ለመስጠት ያመነታል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም እላችኋለሁ። ኖቬምበር 4 ቀን 2015 አንድ የጭነት አንቶኖቭ ከጁባ ማረፊያ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ወንዙ ዳር ወደቀ፤ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ይህን ያየ ከተማ በሰው ጣሪያ ላይ ያልተመረመረ ነገር እንዲበር አይፈቅድም፤ ልክም ነው። ግን ክልከላው መመርመሪያ መንገድ ካልተከተለው ሠሪውን ሁለት ክፉ ምርጫ መሐል ይጥለዋል፤ ወይ ሥራውን ደጁ ላይ ዝጎ ያየዋል፣ ወይ ተደብቆ ይሞክረዋል። ሁለቱም ወጣት ያስበላሉ።

ደቡብ ሱዳን ደግሞ አብራሪና መካኒክ በጣም የሚያስፈልጋት አገር ናት። ዝናብ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ብዙ ወረዳ እህልና መድኃኒት የሚደርሰው በአየር ነው። ያንን አውሮፕላን ነገ የሚጠግነው ልጅ ዛሬ ከጁባ ሰፈሮች በአንዱ ሽቦ እየጠመዘዘ ይሆናል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምለው ይህን ነው። ከአዲስ አበባ ጁባ የሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። በከተማዋም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ይነግዳሉ፣ ሆቴል ይሠራሉ፣ መኪና ይጠግናሉ። በአገራችንም ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒኮች አሉ። ክበብ ለመጀመር አንድ የተከራየ ጋራዥ፣ የክብደት ሚዛን፣ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ ከባለሥልጣን ጋር የተስማሙበት ከሰው የራቀ ሜዳ ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰብሰቡ። መጀመሪያ ሞዴል ይሥሩ፤ ቀጥሎ ሞተር የሌለው ተንሳፋፊ፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚይዘውን። እያንዳንዱ ሥራ በሌላ ሰው ዓይን ሳይታይ ወደ ሜዳ እንዳይወጣ ሕግ ያውጡ።

ጆርጅ ሜልና አስመላሽ ዘፈሩ አስተማሪ ሳይኖራቸው፣ ከኪሳቸው እያወጡ፣ አንዱ በጦርነት መሐል፣ እስከ መንደርደሪያው አፍ ድረስ ደርሰዋል። የእነሱን ድርሻ ፈጽመዋል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፤ ጋራዡን መክፈት፣ ሽማግሌውን መጋበዝ፣ ባለሥልጣኑን ለውይይት መጥራት። ቀጣዩ ልጅ መጋረጃ ይዞ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ በፊት የክበቡ በር ክፍት ሆኖ ይጠብቀው።