ከኮሶ እስከ ቄራ፦ በወሎ ትልን የመለየት ቅኝት

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ተሳፋሪ ኮምቦልቻ እስኪደርስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ያሽቆለቁላል። ተሳፋሪው የሚያስተውለው ጋቢ የሚያስወልቀውን ሙቀት ነው። የከብት ሐኪም ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል፤ በዚህ ቁልቁለት የአንዱ የጉበት ትል አገር እየሳሳ የሌላው እየቀረበ ይሄዳል።

ትልን ለይቶ በመሰየም የቆየን ነን ለማለት ይከብደኛል፤ ትልን በማስወጣት ግን ማን ይቀድመናል? ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ መድኃኒቱንም ይዟል፦ ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ። የኮሶ ዛፍ ሴቴ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ አይረሳውም። ትሉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው፤ ለጠጪው መለየቱ ምን ይፈይዳል፣ ይውጣለት እንጂ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 አገራችን ሲገባ ልማዱ የቆየ ነበር፤ ዛፉንም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። የበሬው ኮሶ ትል በሳይንስ የራሱን ስም ያገኘው ግን በ1782 ነው፣ በጀርመናዊው ጎዜ። መድኃኒቱ ስሙን ቀድሞታል።

አፄ ቴዎድሮስም ከኮሶ ነገር አላመለጡም። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያሽሟጥጧቸው ነበር፤ ድል የነሷቸውን ደጃዝማች ወንድይራድን ኮሶ እንዳስጠጧቸው ይተረካል። መጨረሻቸው እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሆነ።

ወደ ጉበት ትል ልመለስ። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ፋሲዮላ ሄፓቲካ ብሎ የሰየመው አጭር ነው፤ ርዝመቱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንገቱ በታች ትከሻ ያለው ይመስላል። ኮቦልድ በ1855 ከቀጭኔ ጉበት አግኝቶ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ ያለው ደግሞ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ትከሻው አይጎላም፣ ጎንና ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያው ብርድ የሚችል ትንሽ ቀንድ አውጣ ስለሚፈልግ ደጋውን ይወዳል፤ ሁለተኛው ሞቃት ውሃ ውስጥ በሚኖር ሌላ ቀንድ አውጣ ስለሚያድግ ወደ ቆላው ያደላል። ከ1,800 እስከ 1,200 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ስለዚህ በኮምቦልቻ ቄራ ጉበት ተቆርጦ የሃሞት ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው ትል በሬው የት እንደጋጠ ይናገራል። መርማሪው ስጋ ቆራጭ ብቻ ሳይሆን መልክዓ ምድር አንባቢም ነው። በደሴው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ልጆች የምርምር ወረቀታቸውን በዚህ ቄራ ላይ ሲሠሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቀንድ አውጣው ካልተነካ ትሉ ተመልሶ እንደሚመጣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የእሳቸው ጉዳይ የጉበት ትል ሳይሆን፣ እንደሱ በቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዝያ ነበር። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ያው በሽታ ቦርከና በሚያልፍበት በከሚሴ አካባቢም ይታወቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰውና ከብት ላይ ነው፤ ገንዘቡም ዓይናችንም ያለው እዚያ ነው። የእንሽላሊትን፣ የእስስትን፣ የእባብን ሆድ ቄራ አይከፍተውም። ላርገንና ስፖልስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ተሳቢ እንስሳት በአንድ መጽሐፍ ሰብስበዋል፤ የትሎቹ ተሸካሚዎች ተቆጥረዋል ማለት ነው። በውስጣቸው የሚኖረውን ለይቶ መሰየም ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ክብ ትል ከሆነ የወንዱን ጅራት በማይክሮስኮፕ ማየት፣ እዚያ ያሉትን እብጠቶች አንድ በአንድ መቁጠር፣ የመራቢያ መርፌዎቹን መለካት፣ አሁን አሁን ዘረመሉንም ማንበብ፣ ከዚያም ናሙናውን ሙዚየም ማስቀመጥ።

እንግዲህ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ ሐረጎ ላይ መኪና የገጨው እስስት ስታገኙ ጓንት አጥልቁና አንሱት፤ የት ቦታ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ በየትኛው ቀን እንዳገኛችሁት ጻፉበት። ሆዱን ከፍታችሁ የምታገኙትን ትል አልኮል ውስጥ ክተቱት።