የደላንታ ሜዳ መጻሕፍት፦ ለወገል ጤና ቤተ መጻሕፍት ንድፍ የሚበጅ ታሪክ



በተራራ ላይ ለምትገኝ የገጠር ከተማ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይነደፍ የሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚቀርበው ለአርክቴክቶች ነው። የመሬቱ ተዳፋት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የድንጋዩ ዓይነትና የጣሪያው ክብደት ይጠናል፤ ከዚያም ሥዕሉ ይወጣል። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ወደ ታሪክ ክፍል ይዤው የመጣሁት ስፍራው ወገል ጤና ስለሆነ ነው። ይህች የደላንታ ወረዳ ዋና ከተማ የተቀመጠችበት ደጋ በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ እንደማንኛውም ቦታ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ከተሰበሰቡት የብራና ክምችቶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው፣ የመቅደላው፣ ለጨረታ የወጣው በዚሁ በደላንታ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ለመጻሕፍት ቤት መሥራት የሚሻ ሰው የመጀመሪያው አይደለምና፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ምን እንዳደረጉና ምን እንደደረሰባቸው ቢያውቅ ይጠቀማል።

የአገሩን አቀማመጥ ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ደላንታ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳማ ደጋ ሲሆን ዙሪያውን ገደል ይከበዋል። በሰሜን የጅጣ ሸለቆ ከዋድላ ይለየዋል፤ ዋድላን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ላስታና ወደ ላሊበላ ይደርሳል። በደቡብ የበሽሎ ሸለቆ አለ፤ ከበሽሎ ማዶ መቅደላ ይታያል። በምሥራቅ አምባሰልና የግሸን አምባ ይገኛሉ። ዛሬ ወገል ጤና በውጭ አገር ስሟ የሚነሣው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከገደሎቿ በሚወጣው የኦፓል ማዕድን ነው፤ የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች ስሟን ከብዙ የታሪክ ምሁራን በተሻለ ያውቁታል።

ስለ እነዚህ ተራሮች መጻሕፍት የተጻፈው ብዙ ነገር ተረት መሆኑን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የስፔን መነኩሴ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የነገሥታት ልጆች በሚጠበቁበት አምባ ላይ በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ተረከ። ከጥፋት ውኃ በፊት የነበሩ አበው የጻፏቸው ሳይቀሩ በዚያ ይገኛሉ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ይህንኑ ድርሰት ለማረም ነበር። ይሁን እንጂ የፓኤዝ ሥራ ሳይታተም ለረጅም ዘመን ሲቆይ፣ የኡሬታ ተረት ግን ከአንዱ የአውሮፓ ቋንቋ ወደ ሌላው እየተሻገረ ኖረ። የተረቱ ጉዳት ውሸት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት ማለት በአንድ ከፍታ ላይ የተከማቸ ግዙፍ ሀብት ነው የሚል ሐሳብ አብሮ መያዙም ነው። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ በብዙ ንድፎች ላይ ይታየኛል።

እውነተኛው አሠራር ሌላ ነበር። ከደላንታ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በገዳሙ የተያዘው የመጻሕፍት ዝርዝርም በአገራችን ከሚታወቁት ቀደምት የመጻሕፍት መዝገቦች የሚቆጠር ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው መዝገቡን ነው። ማን ምን እንደሰጠ መጻፉ መጽሐፉን የማኅበር ንብረት ያደርገዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚጻፈው ግዝትም፣ የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን የሚያወግዘው፣ ዛሬ ማኅተም የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር።

የቤቱም ሥርዓት በጥንቃቄ የታሰበ ነው። ብራናው በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፤ ገበታው በድጉስ ቆዳ ይለበጣል፤ ከዚያ በማኅደር ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መሰቀሉ ከመሬት እርጥበትም፣ ከምስጥም፣ ከአይጥም ያርቀዋል፤ ማንገቻው ደግሞ ካህኑ መጽሐፉን በትከሻው ይዞ ገደል እንዲወርድ ያስችለዋል። በሌላ አነጋገር መደርደሪያውም መጓጓዣውም አንድ ዕቃ ነበር። ዕቃ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ የተለየ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነው፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ይተርፋል። ቁልፉን የሚይዘው ሰው የታወቀ ማዕርግ ነበረው፤ አገልጋዩም የሚተዳደርበት የሰሞን መሬት ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ቁም ጸሐፊው ነበር። አንድ ደብር የሌለውን መጽሐፍ ከጎረቤት ደብር አስመጥቶ ያስገለብጣል፤ ስለዚህ በአንዱ ዘንድ የጠፋው በሌላው ዘንድ ይገኛል። በላስታና በወሎ ያለው ሀብት ያን ሁሉ ጦርነት አልፎ የደረሰልን ከግድግዳው ጥንካሬ ይልቅ በቅጂው መበተን ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ሥርዓት ለወጡት። በመቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ አሰቡ፤ ለእርሱም መጻሕፍት ሰበሰቡ። ክምችቱ ወደ 1000 ጥራዝ ይደርስ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። አሳቡ የመንግሥት አሳብ ነው፤ የጎንደርን ሊቅነት ወደ አዲስ ማእከል የማዛወር ምኞት አለበት። ነገር ግን መጻሕፍቱ በአብዛኛው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ናቸው፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ጦር ተዘርፋለች። ስለ መቅደላ ዘረፋ ስንናገር ይህን መዝለል ለታሪክ ታማኝ መሆን አይደለም። ሌላም ነገር አለ፦ ያ ክምችት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። የደላንታ ገበሬ ከበሽሎ ወዲህ ሆኖ አምባውን ያይ ነበር እንጂ በዚያ ያለውን ገጽ የሚገልጥ አልነበረም፤ ሚስቱና ሴት ልጁማ ጭራሽ።

በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ በጋፋት ያስቀረጹትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መድፉ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ ሠራዊታቸው ድንጋይ እየፈለጠ መንገድ ሠራ። የጅጣን ገደል አወረዱት፤ በደላንታ ሜዳ አሳለፉት፤ በሽሎን አሻገሩት። ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በዋድላ በኩል የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም በጅጣና በበሽሎ ገደሎች ያገኘው ይህንኑ መንገድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ሽጉጣቸውን ጠጡ። ለመድፍ የተጠረገው መንገድ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጻሕፍቱ የሚወጡበት ሆነ።

ሪቻርድ ፓንክረስት የዓይን ምስክሮችን ጽሑፍ አሰባስበው እንዳሳዩት፣ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻግሮ በደላንታ ሜዳ ላይ ተዘረገፈ። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ጨረታ ተካሄደ። የተገኘው ገንዘብ 5000 ፓውንድ ያህል ሲሆን ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር አብሮ የመጣው ለዚሁ ነበር፤ በጨረታውም እንደ ልቡ የሚያወጣው ገንዘብ ይዞ ቀረበ። ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊም በስፍራው ተገኝቶ ያየውን ጽፏል። ልብ በሉ፤ በዚያች ሜዳ ላይ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ለማንም ገዢ የቀረበው በዚህ መልክ ነው።

ጉዞው በዚያ አላበቃም። ወደ 900 የሚሆኑ ጥራዞች እስከ ትግራይ ድረስ ተወሰዱ፤ 600 ያህሉ በጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ለካህናት ተሰጡ። 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው መዘርዝር ተካተቱ፤ ስድስት የተመረጡ ደግሞ ወደ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ሄዱ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው እ.ኤ.አ. በ1872 ጠይቀው አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። ለምን ተመለሰ ብትሉ፣ ሙዚየሙ ሁለት ስለነበረው ነው። የክምችቱን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1973 በዝርዝር ያጠኑት ሪታ ፓንክረስት በሙያቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲያችንን ሳይሆን የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይመሩ ነበር። መጽሐፍን ከመደርደሪያው ጋር አያይዞ የሚያይ ዓይን በጥናታቸው ይታያል።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ሲያወጣ፣ የአድባራቱን መጻሕፍት ጠባቂ ያኖረው የነበረውን መሬትም ወሰደ። አዋጁ አያስፈልግም ነበር እያልሁ አይደለም፤ ጠባቂው በምን ይኑር የሚለው ጥያቄ ግን ያኔ ተከፍቶ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተቃራኒው በዚህ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የንባብ ቤትን ወደ ገበሬው መንደር አመጣ። ሴቶችም ፊደል ቆጠሩ። ቤቶቹ ግን በገበሬ ማኅበራት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩና ማኅበራቱ ሲፈርሱ የሚያነሣቸው ጠፋ። አዳራሹ ቀርቶ አንባቢው እንደተረሳ፣ ያነበበውም ፊደል ከዓመታት በኋላ እንደጠፋበት የሚነግሯችሁ አረጋውያን በየወረዳው አሉ።

በአንጻሩ ሁለት ሥራዎች የጥንቱን መንገድ ሳያስቡት የተከተሉ ይመስለኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ነው፤ 9000 ያህል ጥራዞችን ፎቶግራፍ አንሥቶ አንዱን ቅጂ በአገር ውስጥ፣ ሌላውን በሚኒሶታ አኖረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በመዘርዝሩ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ይህ ቁም ጸሐፊው በካሜራ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለተኛው አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለሕፃናት የጀመሩት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ይህኛው ማኅደርን ያስታውሰኛል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለወገል ጤና የሚቀርብ ንድፍ ላይ ያለኝን አስተያየት ልናገር። ገንዘብ ሲገኝ የመጀመሪያው ፍላጎት ከተማዋ መሐል አንድ ያማረ ሕንፃ ማቆም ነው። ምርቃቱም፣ ፎቶግራፉም፣ በግድግዳው ላይ የሚቀረጸው የለጋሽ ስምም ለዚያ ይመቻል። ነገር ግን በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም እንኳ ከዝርፊያና ከጉዳት አልዳነም። በአንድ ቤት የተከማቸ በአንድ ቀን ይሄዳል። ይህ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ አይደለም፤ የመቅደላ ብራናዎች ዲጂታል ቅጂ ለዓለም የተከፈተበት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የመረጃ መረብ ጥቃት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ፣ ያ ሁሉ ምስል ከአንባቢ ራቀ። ከዚያ በፊት ምስሎቹን አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ያስቀመጠ ተማሪ ግን ማንበቡን አላቋረጠም።

ስለዚህ ሕንፃው ትንሽ ይሁን፤ የአካባቢው ሰው ራሱ ሊጠግነው በሚችለው ድንጋይ ይሠራ። ላሊበላ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆሙት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች የላስታ ግንበኛ ምን እንደሚችል ያሳያሉ። የደጋው ብርድ ጽኑ ነውና አንባቢው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮት ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ከተመረጠ ከሥሩ ኮርኒስ ይግባ፤ በክረምት በረዶ ሲወርድ በባዶ ቆርቆሮ ሥር እንኳን ማንበብ መነጋገርም አይቻልም። መጻሕፍቱ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ፤ ይህን ከዕቃ ቤቱ ተምረናል። ቀን ከብት ሲጠብቅ የዋለ ልጅና እንስራ ያዘለች እኅቱ የሚመጡት ሲመሽ ነውና የሶላር መብራት እንደ ትርፍ ዕቃ አይቆጠር።

የቀረው ገንዘብ ወደ ሁለት ነገር ይሂድ። አንዱ ጠባቂው ነው። ደመወዙ ከሲሚንቶው በፊት በጀት ይያዝለት፤ የአካባቢው ተወላጅ ይሁን፣ ሴት ብትሆን ደግሞ እሰየው፤ መዝገቡን በእጁ የሚጽፍ፣ ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ሁለተኛው ቅጂው ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ በሁለት ይገዛ፤ ሁለተኛው በሣጥን ሆኖ ወደ ቀበሌዎቹ ትምህርት ቤቶች ይዙር፤ በየወሩ ሣጥኑ ይለዋወጥ። ከመቅደላ የወጡትን ብራናዎች ምስልም ከተቻለ በወረቀት ታትሞ አንዱ ጥራዝ በወገል ጤና፣ ሌላው በአቅራቢያው ደብር ይቀመጥ፤ የግእዝ መምህራኑ ሊያነቡት የሚችሉት ነገር ነውና።

ሥዕሉን ለምትነድፉ ተማሪዎች አንድ የሥራ ምክር አለኝ። ወደ ወገል ጤና ስትሄዱ የሕንፃውን ቦታ ከመለካታችሁ በፊት፣ ከከተማዋ ተነሥታችሁ በጅጣና በበሽሎ ገደል አፋፍ እስካሉት የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚወስደውን የበቅሎ መንገድ በእግራችሁ ሂዱትና ሰዓቱን መዝግቡ። የሣጥኑን ክብደት የምትወስኑት በዚያ ነው።