ሁለተኛው ስሕተት፦ ስለ መላ ምት ፈተና ታሪክና ስለ አንድ የኮልፌ ቀራንዮ ሙከራ

አንድ የጥናት ዘገባ «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ባለ ቁጥር፣ አንባቢው «እንግዲያው ሁለቱ እኩል ናቸው» ብሎ መተርጐሙ የተለመደ ነው። ይህ አተረጓጐም ለምን እንደሚያሳስት ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን መመልከት ያሻል።

እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1925 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ልዩነት የለም» የሚለውን መላ ምት መፈተኛ ዘዴና የ5 ከመቶን ወሰን በተመራማሪዎች ዘንድ አስለመደ። የዘዴው ጥንቃቄ ያተኰረው ግን የሌለውን ልዩነት አለ እንዳንል ነበር። ጄርዚ ኔይማንና ኤጎን ፒርሰን ከ1928 ጀምሮ፣ ይልቁንም በ1933 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሌላም ስሕተት መኖሩን አሳዩ፤ ይኸውም ያለውን ልዩነት የለም ማለት ነው። ነገሩንም በፍርድ ሸንጎ መስለው፣ ንጹሑን ከመቅጣትና ወንጀለኛውን ከመልቀቅ የትኛው እንደሚከፋ ጠየቁ። የመጀመሪያውን ስሕተት ተመራማሪው ራሱ በ5 ከመቶ ያጥረዋል፤ ሁለተኛው ግን በናሙናው ብዛትና በልዩነቱ ስፋት ስለሚወሰን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ነው። በ1965 በተቋቋመው በአለርት፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን ነርቭ የሚጐዳውን የሰውነት መቈጣት ለማከም ሳይክሎስፖሪን ከነባሩ ፕሬድኒሶሎን ጋር በ73 ታካሚዎች ላይ ተነጻጸረ፤ ውጤቱም በ2016 ታተመ። የደነዘዘ ስሜት መሻሻል በሳይክሎስፖሪን ምድብ 66 ከመቶ፣ በሌላው 49 ከመቶ ሆነ። ልዩነቱ ግን ጉልህ አልተባለም። እጁ ለደነዘዘና የጋለ ድስት ሲያቃጥለው ለማይሰማው ሰው 17 ከመቶ ቀላል ነገር አይደለም።

ለልምምድ ያህል እናስላ። በየምድቡ 36 ሰዎች ቢኖሩና እውነተኛው መጠን በትክክል 66 እና 49 ከመቶ ቢሆን፣ በ5 ከመቶ ወሰን የሚደረግ ፈተና ልዩነቱን የሚያገኘው ከሦስት ሙከራ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከአምስቱ በአራቱ እንዲያገኘው በየምድቡ 130 ያህል ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ይህን ያህል አዲስ ታካሚ ማሰባሰብ ደግሞ ለአንድ ሆስፒታል ከባድ ነው። በትምህርት ቤት ነገሩ ይብሳል። የአንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ መምህር ስለሚማሩ ውጤታቸው ይመሳሰላል፤ ስለሆነም በሁለት ክፍሎች ብቻ ተሞክሮ «አልጠቀመም» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ በእርግጥ ተፈትኗል ለማለት ያስቸግራል።

የአለርቱ ሙከራ አዘጋጆች ሁለቱ መድኃኒቶች እኩል ናቸው አላሉም። በሳይክሎስፖሪን ምድብ ሕመሙ ቀደም ብሎ ማገርሸቱ ጉልህ ሆኖ ስለተገኘ ያንን መዘገቡ፤ መድኃኒቱንም ፕሬድኒሶሎን ላልበጃቸው ወይም ለጐዳቸው ታካሚዎች በሁለተኛ ደረጃ ሊታሰብ እንደሚችል አመለከቱ።