የጎርጎራን ግንብ የሠሩት እጆች

ወዳጆቼ፣ ጎርጎራ የሄደ ሰው ማርያም ግምብን ሳያይ አይመለስም። ከወደቡ በስተምዕራብ ጣና ዳር ያለው ፍርስራሽ ነው። ማን ሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ዐፄ ሱስንዮስና ፔድሮ ፓኤዝ ይሏችኋል። ድንጋዩን ማን ጠረበው ስትሉ ግን ዝም ይባላል።

ፓኤዝ በ1603 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የገባ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነው። ባልደረቦቹ እንደጻፉት፣ በጎርጎራ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ሲሠራ መዶሻና መሮ እንዴት እንደሚሠራ ሳይቀር ለባለሙያዎቹ ያሳይ ነበር። በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። አስተማሪው ታወቀ እንበል። ተማሪዎቹስ? ስማቸው አልተጻፈም። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ሲለቅ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ። በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ግን የድንጋይና የኖራ ሥራው አልቆመም። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ሙያው አገር ውስጥ ቀረ።

ጎንደርን ከገነቡት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት የቃል ትውፊቱም የታሪክ ጥናቱም ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ወደ ሙያው የገቡት ወደው ብቻ አይደለም። ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ እምነቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይወርስ ተከለከለ ይባላል። ርስት ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ድንጋይ ይጠርባል። ከአለቆቻቸው ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩ። ለብዙኃኑ የቀረው ግን «ቡዳ» መባል ነው። በእጁ በተሠራ ቤት እየኖሩ እሱን ከማዕድ ያርቁት ነበር። እንግዲህ የዚያን ጊዜ የሙያ ፈቃድ ይኸው ነው፤ በትውልድ የሚሰጥ፣ ከስድብ ጋር።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን ያስገባው ቆይቶ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ነገር ከሥሩ ነቀለው። አዋጅ ግን ከአፍ ስድብን ቶሎ አያወጣም፤ «ቀጥቃጭ» ዛሬም እኮ እንደ ስድብ ይነገራል።

ዛሬ ፈቃዱ በወረቀት ሆኗል። ተቋራጩ በደረጃ ይመዘገባል፣ ግንበኛው የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ይቀመጣል። ይህ መልካም ነው፤ የማን ልጅ ነህ የሚል ፈተና የለበትም። ችግሩ ወዲህ ነው። የተቋራጩ ስምና ደረጃ በሳይቱ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ከአባቱ ተምሮ ሃያ ዓመት ድንጋይ የጠረበው ሰው ግን የቀን ሂሳቡን ተቀብሎ ሲሄድ እዚያ መሥራቱን የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት የለውም። መወጣጫው ተሰብሮ ቢወድቅ «እኛ ጋ አልሠራም» ቢሉት በምን ይከራከራል?

ሕጉ ይህን አልዘነጋም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ሥራው ሲያልቅ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ይሰጠዋል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የአደጋ መከላከያ ማቅረብም የአሠሪው ግዴታ ነው።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ባሕር ዳርም ጎንደርም ሳይት ላይ ናችሁ። ፎርማን የሆናችሁም አላችሁ፣ ፌሮ የምታስሩም አላችሁ። ፎርማኖች፣ የሰዎቻችሁን ስም መዝግቡ፤ ማስረጃ ሲጠይቁ አታመላልሷቸው። ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ደብተር ግዙና የሠራችሁበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የአሠሪውን ስምና የተከፈላችሁን ጻፉ፤ አብሯችሁ የዋለውንም ሰው ስም ጨምሩ። ክርክር ቢመጣ ምስክር ይሆናችኋል። የማርያም ግምብ ግንበኞች ስም የጠፋው ሥራቸው አንሶ አይደለም፤ የጻፈላቸው ስለሌለ ነው።

ሳይት ላይ ላለ ወንድም እህታችሁ አድርሱልኝ።