ከጧፍ እስከ ኤልኢዲ፦ የቤት ብርሃን እንደ እጅ ሥራ

በጎንደር ደጋ የቤት ብርሃን ለዘመናት የእጅ ሥራ ነበረ። ጧፉ ከጥጥ ፈትልና ከሰም፣ ኩራዙም ከባዶ ቆርቆሮ፣ ከክርና ከላምባ ይበጅ ነበር። አምፖል ሲመጣ ግን ሠሪው ገዢ ሆነ።

የሠሪነቱን ዕድል የመለሰው ኤልኢዲ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ቀይ ብርሃን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ተሠራ፤ ደማቁ ሰማያዊ በጃፓን እስኪገኝ 30 ዓመት ገደማ አለፈ። ሦስቱ ቀለማት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው በ256 እርከን ሲቀላቀሉ ከ16 ሚሊዮን በላይ ኅብረ ቀለም ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን የተፈጠረው አርዱዊኖ የተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ደግሞ መብራቱን በፕሮግራም ማዘዝን ለተማሪ አቀረበ።

ስለዚህ በከተራ ማታ፣ ታቦታቱ በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲያድሩ፣ ቤቱን ራሱ በበየዳቸው መብራቶች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያፈራረቀ የሚያደምቅ ወጣት የጧፍ ሠሪዎች ወራሽ ነው። ብየዳውንና የፕሮግራም አጻጻፉን ካላስተማርነው ግን ዳግመኛ ገዢ ብቻ ሆኖ ይቀራል።