ቢላዋው በማን እጅ ነው? ኬክና ድፎ ዳቦ በሲያትል ሠርግ

በሲያትል የኢትዮጵያውያን ሠርግ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይውላል፤ በሁለቱም ቀን ቢላዋ ይነሣል። ቅዳሜ ማታ ቬሎ የለበሰችው ሙሽራና ሱፍ የለበሰው ሙሽራ እጃቸውን በአንድ እጀታ ላይ ደራርበው ባለ ፎቅ ኬክ ይቆርጣሉ። እሑድ በመልሱ ካባ ደርበው ይቀመጣሉ፤ ምርቃት ከተሰጠ በኋላ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል። በአሜሪካ ኬኩን በዶናት፣ በፓይ ወይም በተደራረበ አይብ የሚተኩ ሙሽሮች አሉና ጥያቄው የእኛንም ልጆች አልዘለለም፦ ኬኩ ይቅር ቢባል በምን ይተካ? መልሱ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል እላለሁ። ዳቦውን የምመርጠው ግን የአገር ቤት ትዝታ ስለሚቀሰቅስ ወይም ዕድሜው ስለሚረዝም አይደለም። ኬኩ በረጅም ጉዞው የጣለውን ሥራ፣ ባርኮ ለእንግዳ ማካፈልን፣ ዳቦው እስከ ዛሬ ስላልጣለ ነው።

የኬኩን ታሪክ ወደ ኋላ ብንከተል መነሻው ላይ የምናገኘው እህልና ዳቦ ነው። በጥንቷ ሮም የመኳንንቱ ጽኑ ጋብቻ የሚፈጸመው አሥር ምስክሮች ባሉበት፣ ፋር ከተባለ የስንዴ ዘር የተጋገረ ኅብስት ለጁፒተር ቀርቦ ነበር። በእንግሊዝ ኤልዛቤት ራፋልድ በ1769 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ በለውዝና በስኳር የተለበጠ የሙሽራ ኬክ አሠራር እናገኛለን። ያ ኬክ ደረቅ ፍራፍሬ የበዛበትና ሳይበላሽ የሚቆይ ስለነበር ቁራሹ ሩቅ ይጓዛል፤ በሠርጉ ላልተገኘ ዘመድ በትንሽ ሣጥን ይላካል፤ ያላገቡ ልጃገረዶችም የወደፊት ባላቸውን በሕልም ለማየት ቁራሹን በቀለበት አሾልከው ትራስ ሥር ያኖሩታል። በዚያ ዘመን የኬኩ ዋጋ የሚለካው ቁራሹ ደጅ ወጥቶ በስንት ሰው እጅ እንደገባ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ኬኩ የሚታይ ነገር ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ስታገባ የቀረበው ኬክ 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ጋዜጦችም በሥዕልና በጽሑፍ አስተዋወቁት። ብሪታንያ በ1874 እ.ኤ.አ. የስኳር ቀረጥን ስታነሣ ነጩ ልባጥ ለተራውም ቤተሰብ ቀረበ፤ ኬኩም ፎቅ በፎቅ ሆነ። ቀድሞ ሙሽራዋ ብቻዋን ትቆርጠው የነበረውን ኬክ ሁለቱ አብረው መቁረጣቸው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ነው፤ ልባጡ የደነደነ በመሆኑ የሁለት ሰው ጉልበት ሳያስፈልገው አልቀረም፤ ካሜራውም ያንን ቅጽበት ወደደው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ኬክን በስኳር መለበጥ ስትከለክል፣ ሙሽሮች ትንሿን ኬክ ከካርቶን በተሠራ ባለ ፎቅ ሽፋን ሸፍነው ፎቶ ተነሡ። ጃፓን ደግሞ ቢላዋ የሚገባበት ስንጥቅ ብቻ ያለው፣ የማይበላ ሰው ሠራሽ ኬክ በሠርግ አዳራሾቿ አቆመች። እንግዳው አንድም ቁራሽ ሳይቀምስ ሥርዓቱ ይሟላል ማለት ነው። በአሜሪካም ብዙ አዳራሾች ከውጭ የመጣ ኬክን ቆራርጦ ለማቅረብ በሰው ልክ የተተመነ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ሙሽሮቹ አንዴ ቆርጠው ፎቶ ይነሣሉ፤ ማካፈሉ የወጥ ቤት ሠራተኛ ሥራ ሆኗል።

ወደ እኛ የመጣው ይህ የኋለኛው፣ ለዓይን የሚቀርበው ኬክ ነው። በዳስ ሥር በሚደገሰው ሠርግ እንጀራና ወጥ፣ ጠላና ጠጅ፣ ጮማ እንጂ ኬክ አይታሰብም ነበር። ጣሊያኖች ትተውት ከሄዱት የመጋገር ሙያ ጋር በፒያሳ እንደ ኤንሪኮ ያሉ ኬክ ቤቶች ስም አወጡ፤ የአዲስ አበባ ሠርግም ኬክን ከቬሎና ከመኪና አጀብ ጋር አብሮ ለመደ። ሲያትል የደረሰው ኢትዮጵያዊ ልማዱን ይዞት ነው የመጣው። ጆሴፍ ስኮትና ሰሎሞን ጌታሁን ስለዚህች ከተማ ኢትዮጵያውያን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚተርኩት ቀደምቶቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ የ1966 ዓ.ም. አብዮት የመመለሻውን መንገድ ሲዘጋባቸው እዚያው ቀሩ። የአሜሪካ የ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ደግሞ ብዙዎችን አስከተለ። በቼሪ ጎዳናና በሬኒየር አቬኑ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈተው ይህ ማኅበረሰብ ለሠርጉ አዳራሽ ሲከራይ፣ ኬኩ ከአዳራሹ ልማድ ጋር ተደርቦ መጣለት፤ ዳቦውን ግን ራሱ መጋገር ነበረበት።

ዳቦው ሲጋገር የሚያልፍበት መንገድ ለክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከታች በእሳት ከላይ በፍም የሚበስል የብዙ እጅ ሥራ ነው። ሲያትል ኮባ አይበቅልም፤ ባለሙያዎቹ በጃክሰን ጎዳና አካባቢ ካሉት የእስያውያን መደብሮች በረዶ የያዘ የሙዝ ቅጠል ይገዛሉ፤ ከላይና ከታች የሚያግለው የአሜሪካ ምድጃም የምጣዱንና የፍሙን ሥራ ባንድ ሣጥን ይሠራል። ምድጃው ጠባብ ስለሆነ ለ300 እንግዳ የሚበቃ ዳቦ ከአንድ ቤት አይወጣም፤ አክስቶችና ጎረቤቶች በሬንተንና በኬንት በየቤታቸው ተካፍለው ይጋግሩታል። ስለዚህ ዳቦው አዳራሽ ሲገባ ገና ከመቆረሱ በፊት የብዙ ቤት ድርሻ አለበት። ሲቀርብም ቄስ ወይም ሽማግሌ ይመርቃል፤ ከዚያ በትሪ ይዞራል። ዩክሬናውያንም ኮሮቫይ የሚሉትን የሠርግ ዳቦ በዝምድና ቅደም ተከተል ቆርሰው ያድላሉ፤ ዳቦን የሠርግ ማኅተም ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም።

የቀን መቁጠሪያውም ለዳቦው ያደላል። አገር ቤት ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሲያትል ጥር ግን ዝናብና ጨለማ ስለሆነ ሠርጉ ወደ በጋቸው፣ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይገፋል። በዚያ ወቅት ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5፣ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ይይዛል። በጾም ተክሊል ባይፈጸምም፣ የአዳራሽ ኪራይ ረከስ የሚልበትን ዓርብ የሚመርጡ ቤተሰቦች የሚጾም እንግዳ ይገጥማቸዋል። ኬኩ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አለበት፤ በስንዴ፣ በእርሾ፣ በዘይትና በጥቁር አዝሙድ የተጋገረ ድፎ ግን ለጾመኛውም ይሆናል። ኬኩ ውስጥ ጄላቲን ወይም አልኮል ይኖር ይሆን ብሎ የሚሠጋ ሙስሊም እንግዳም ሳይሳቀቅ ይቀምሰዋል። ሁሉም ሊቀምሰው የሚችል ነገር ማቅረብ ደግሞ የአካፋይ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሣው ከታሪክ ነው፦ በድሮው ሠርግ ዳቦ መቁረስ የዕለቱ እምብርት አልነበረም፤ ድፎ የበዓል፣ የማኅበርና የዝክር ነው፤ አሁን የሠርግ ዘውድ ማድረግ ትናንት የተፈጠረን ነገር ጥንታዊ ማስመሰል ይሆናል። የተቃውሞውን እውነትነት እቀበላለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ኬኩም ቢሆን ዛሬ በምናውቀው መልክ የቅርብ ጊዜ ሥራ መሆኑን አይተናል፤ በዕድሜ ቢወዳደሩ ሁለቱም አያሸንፉም። ዳቦው ከማኅበሩና ከዝክሩ ያመጣው ግን ሥርዓት አለ፤ የሚመርቅ ታላቅ፣ የሚያዞር ታናሽ፣ የማይዘለል ተቀማጭ። ይህን ሥርዓት ወደ ሠርግ ማሻገር ያለንን ለአዲስ ቦታ ማዋል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የማን ዳቦ ነው የሚል ነው። የሲያትል ሠርግ አማራውንም ኦሮሞውንም፣ ትግራዋዩንም ጉራጌውንም፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ያገናኛል፤ አንዱ ወገን ከኢትዮጵያ ውጭ የሆነበትም ጋብቻ ብዙ ነው። ድፎን በሁሉ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሙግቴ ግን የቆመው በማካፈሉ ላይ ነው፤ በቦታው ኅምባሻ ወይም ጭኮ ቢቀርብ ክርክሩ አይናጋም። እንዲያውም የሁለቱ ቤተሰብ ምግቦች ጎን ለጎን ተመርቀው ቢዞሩ ጋብቻው ያገናኛቸው ወገኖች እነማን እንደሆኑ ለታዳሚው ይነግራል። ዶናት በግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንግዳው ተነሥቶ እንዲያነሣ ማድረግ ይህን አይተካም፤ እዚያ ሰጪ የለም፤ ተሰልፎ የሚወስድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለኬኩ ይሟገታል፦ ልጆቻችን በኬክ አድገዋል፤ ሙሽሮቹ አንድ የራሳቸው ቅጽበት ቢኖራቸው ምን ክፋት አለው? ምንም። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ጋብቻን የሚያጸናው ሥልጣን ባለው አጋቢና በሁለት ምስክሮች ፊት ሁለቱ የሚሰጡት ቃል ነው፤ ኬክም ዳቦም አይጠየቅም። ስለዚህ ኬኩ ለልጆች ጣፋጭ ሆኖ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ማንም አይጎዳም። ችግሩ ያለው በቀኑ ክፍፍል ነው። የሥራ ባልደረባውና አሜሪካዊው ጓደኛ የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ የሚያዩት ኬኩን ብቻ ነው። ዳቦው የሚቀርበው እሑድ፣ ቀድሞም ለሚያውቁት ሰዎች ነው። በዚያ ላይ በብዙ መልስ ሙሽሮቹ ራሳቸው ቢላዋውን አብረው ይዘው ለካሜራ ፈገግ ሲሉ ይታያሉ፤ ኬኩ ባይኖርም ሥርዓቱ ዳቦው ላይ ገብቷል።

ስለዚህ ኬኩን በዳቦ መቀየር ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ለውጡ የሚመጣው ዳቦው ወደ ቅዳሜው አዳራሽ ሲሻገር፣ ከሁለቱም ወገን ታላላቆች ተነሥተው ሲመርቁና የመጀመሪያውን ሲቆርሱ፣ ወጣቶቹ ትሪ ይዘው ከራት በፊት በየጠረጴዛው ሲያዞሩ ነው። ይህ ከሙሽሮቹ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ወጪውን ራሳቸው በሸፈኑበት፣ ፎቶ አንሺውን ራሳቸው በቀጠሩበት ቀን ለጥቂት ደቂቃ ቢላዋውን ለሌላ ሰው መልቀቅን። ምግቡን መለወጥ ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው ይህ ነው። ዳቦው ለፎቶ ተቆርሶ ሳይታደል ወደ ወጥ ቤት ከተመለሰ ግን ከጦርነቱ ዘመን የካርቶን ኬክ በምንም አይለይም።